ስክሪኑን አታዙሩት

በፎቶ ቤቶቻችን ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያከብረው አንድ ሕግ አለ፤ ያላለቀ ሥራ ለሰው አይታይም። ኤዲተሩ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ሌላ የሙያው ሰው ከኋላው ቢቆም ስክሪኑን ያዞራል ወይም የከፈተውን ፋይል ዝቅ ያደርጋል። ጀማሪው «ይሄን እንዴት አድርገህ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ሙያ በልብ ነው» የሚል ነው። አባባሉ በአገራችን የትሕትና ምልክት ነው፤ ሳይናገር የሚሠራ ሰው ይከበርበታል። በሌላው ሙያ ያለውን ዋጋ አልነካም። በፎቶ ኤዲቲንግ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ እጅግ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሥራዎቻችንን ሁሉ አንድ መልክ ያስያዘው፣ የፊታችንን እውነተኛ ቀለም ያሳጣን፣ ጀማሪው ዓመታት ሠርቶም ጀማሪ ሆኖ እንዲቀር ያደረገው ይኸው ልማድ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያቴ ባህልን አይመለከትም፤ ዓይንን ነው የሚመለከተው። የሰው ዓይን ብርሃንን ይለምዳል። ቢጫ አምፖል በበራበት ክፍል ጥቂት ከቆየን ነጭ ወረቀት ነጭ ሆኖ ይታየናል፤ ያንኑ ወረቀት ለቀን ብርሃን በተስተካከለ ካሜራ ብናነሳው ግን ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ዓይናችንና አንጎላችን ተባብረው ቢጫውን ስላጠፉልን ነው። በመንገድና በቤት ውስጥ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ኤዲት ለሚያደርግ ሰው ግን ወጥመድ ነው። አንድ ፎቶ ላይ ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ ሙቀቱን በጥቂት በጥቂቱ የሚጨምር ሰው ዓይኑ አብሮት ይጓዛል፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስ በፎቶው ያለው ፊት ብርቱካን መምሰሉን አያይም። ሌሊቱን ተኝቶ ጠዋት ፋይሉን ሲከፍት ይደነግጣል። ከኋላው የሚያልፍ ሌላ ሰው ግን ሌሊት መጠበቅ አያስፈልገውም፤ በአንድ እይታ ይነግረዋል። ስለዚህ ሥራን በመሃል ማሳየት የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። ሃምሳ ዓመት የሠራ ሰውም ዓይኑ የሰው ዓይን ነው፤ ይለምዳል።

ነገሩ እንዲጨበጥ ወደ አንድ ቦታ ልውሰደው፤ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ። በምኒልክ የመጀመሪያ ካቢኔ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር በሆኑት በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራው ይህ በፒያሳና በመርካቶ መካከል ያለ ቦታ ለፎቶ አንሺ የማይጠገብ፣ ለኤዲተር ደግሞ ከባድ ነው። ጠዋት ከመርካቶ ወደ ፒያሳ የሚመጣው ሰው ፀሐይ ፊቱ ላይ ታርፍበታለች፤ ወደ መርካቶ የሚሄደው ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ ፊቱ ጥላ ውስጥ ይገባል። የመኪና ጭስና የአቧራው ጉም ብርሃኑን ያሳሳዋል። ከዳር በተወጠረ ሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠች ሴት ነጭ ነጠላ ለብሳለች፣ በአጠገቧም አንድ ሸክም ተሸካሚ በፀሐይ ውስጥ ያልፋል እንበል። በአንዱ ፍሬም ውስጥ ሦስት ብርሃን ተገናኘ፤ ቀጥታ የሚመጣው የፀሐይ ብርሃን፣ ጥላው ውስጥ የሚገባው ሰማያዊ የሰማይ ብርሃን፣ ከሸራው አልፎ የሚወርደው የሸራው ቀለም።

እዚህ ላይ የኤዲተሩ ፈተና ይጀምራል። ነጠላው ሰማያዊ ሆኗልና ነጭ ለማድረግ ሙቀቱን ይጨምራል፤ ወዲያው በፀሐይ ውስጥ ያለው ሸክም ተሸካሚ ፊቱ ይቀላል። የሴትዮዋ ፊት ጨልሟልና ጥላውን ያነሳል፤ ነጠላው ይነድና የጥበቡ ክር ይጠፋል። ጥበቡን ለማዳን ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቷ ተመልሶ ይጨልማል። ጠቆር ያለ ፊትና ነጭ ጥጥ በአንድ ፍሬም ሲገናኙ የሚፈጠረው ይህ ርቀት በጥምቀት፣ በሠርግ፣ በልቅሶ፣ በሁሉም ቦታ የሚያጋጥመን ችግር ነው። መፍትሔው ፊቱን ለብቻ፣ ነጠላውን ለብቻ ማስክ አድርጎ እያንዳንዱን በራሱ ከርቭ ማስተካከል ነው፤ ይህን ማንም ኤዲተር ያውቃል። የማያውቀው የት ላይ ማቆም እንዳለበት ነው። ሸራው ፊቷ ላይ የጣለው ሰማያዊ ምን ያህል ይጥፋ? ጨርሶ ካጠፋነው ሴትዮዋ ከሸራው ሥር የተቀመጠች አትመስልም፤ ከስቱዲዮ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። ካልነካነው ደግሞ የታመመች ትመስላለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ነጥብ የሚያሳይ ቁጥር የትኛውም ሶፍትዌር ላይ የለም። የሚገኘው ሌላ ዓይን ሲያየው ነው።

ያ ሌላ ዓይን የባለሙያ መሆን አለበት የሚለውም ትክክል አይመስለኝም። ሸማ ተራ የሚውል ነጋዴ ፎቶሾፕ ከፍቶ አያውቅ ይሆናል፤ የጥበቡ ወይን ጠጅ ወደ ቡኒ መሄዱን ግን ከኤዲተሩ ቀድሞ ያያል፣ ዕድሜውን የኖረው ክር እያየ ነውና። በርበሬ ተራ የምትሠራ ሴት ፎቶው ላይ ያለው በርበሬ እንደ ቀለም ቅብ ቀልቶ ስታየው «ይሄ በርበሬ አይደለም» ትላለች፤ ቀለሙን ያበዛው የተጎተተ አንድ ቁልፍ መሆኑን ባታውቅም ፍርዷ ትክክል ነው። የምናነሳቸው ነገሮች አዋቂዎች በዙሪያችን ሞልተዋል። እኛ ግን ሥራው ካለቀ፣ ከታተመና ከተሰቀለ በኋላ ብቻ እንዲያዩት እናደርጋለን፤ ያኔ ደግሞ የሚናገሩት ሁሉ ለዚያ ሥራ አይጠቅምም።

ይሉኝታችንን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከዚህ የከፋውን ይረዳል። ያለቀ ሥራ ለሰው ስናሳይ የምናሳየው ለምስጋና ነው፤ ተመልካቹም ያውቀዋል። ፍሬም ገብቶ፣ ተሰቅሎ፣ ገንዘብ ወጥቶበት «ፊቱ ቢጫ ሆኗል» የሚል ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። «ቆንጆ ነው፣ በርታ» ይባልና ይታለፋል። ግማሽ ላይ ያለ ሥራ ግን ከዚህ ሸክም ነፃ ነው። ገና አላለቀምና ስሕተቱን መናገር ሰውየውን ማስቀየም አይሆንም። ብዙ ጊዜ «የእኛ ሰው አይተችም» ሲባል እሰማለሁ። የማይተቸው የሚተችበት ሰዓት ስላልተሰጠው ነው።

ሙያን መደበቅ ባህላችን ነው ለሚሉኝ ወደ ቅኔ ቤት እንዲመለከቱ እመክራለሁ። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ ስማቸው በተጠራ የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ይቆጥራል፤ ቀኑን ከሰው ተለይቶ ያስባል፣ ያሰላስላል። ይህ በልብ የሚሠራ ሥራ ነው። ግን እዚያ አይቀርም። መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል፤ ባልንጀሮቹም እየሰሙ ነው። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደረሰው በዚህ መንገድ ነው። የታረመውም ብቻ አይደለም የሚማረው፤ የሌላውን ስሕተት የሰማው ሁሉ ይማራል። ከዚህ አገር ሙያዎች ሁሉ የረቀቀ የሚባለው በአደባባይ እየታረመ የሚያድግ ከሆነ፣ የፎቶ ኤዲቲንግ ምን ያህል ቢረቅቅ ነው ተሸፍኖ ካልሆነ የማይኖረው?

የፎቶግራፋችን የራሱ ታሪክም ስክሪን ማዞርን አይደግፍም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያገለገለው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶኒ አውርሷል፤ እነሱም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ርስት በአንድ ጣራ ሥር አብሮ በማየት ካልሆነ በምን ይወረሳል? በጥቁርና ነጭ ዘመን ኔጋቲቩ በእርሳስ ይነካካ ነበር፣ የታተመው ፎቶ በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር፤ ሥራው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በግልጽ የሚታይ ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ ረዳት ሆኖ የቆመ ልጅ ወረቀቱ መድኃኒት ውስጥ ሲገባ፣ ምስሉ ሲወጣ፣ ጌታው «ጠቁሯል፣ ጣለው» ሲል ያያል። የተጣሉት ወረቀቶች መማሪያው ነበሩ። ኮምፒውተር ሲመጣ ሥራው ቀለለ፤ ደረጃው ግን ተደበቀ። ዛሬ የሚጣል ወረቀት የለም፤ ጀማሪው የሚያየው የመጨረሻውን ጄፔግ ብቻ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ምን እንደተሠራ ሊያነብ አይችልም።

ሶፍትዌሩ ራሱ ለመደበቅ አልተሠራም። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ሲወጣ ሌየር አልነበረውም፤ ሌየር በ1994 በሦስተኛው እትም መጣ፤ የሥራውን ደረጃዎች ወደ ኋላ እየሄዱ የሚያዩበት መዝገብ ደግሞ በ1998 ተጨመረ። በሌየር የተሠራ እርምጃ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ የትኛው ከርቭ ፊቱን እንዳነሳ፣ የትኛው ማስክ ነጠላውን እንደጠበቀ የሌየሩን የዓይን ምልክት እየከፈቱና እየዘጉ ማየት ይቻላል። እኛ ግን ሌየሩን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቀን ጄፔጉን አስቀምጠን ዋናውን እናጠፋለን። ራሳችን እንኳ ከስድስት ወር በኋላ እንዴት እንደሠራነው ብንጠየቅ መመለስ አንችልም።

ደረጃውን ያሳየ ሰው ሙያውን እንደማያጣ አንድ ምሳሌ አለ። በዓለም ላይ ትልቅ ስም ካላቸው የፎቶ አታሚዎች አንዱ የማግነም ፎቶ ኤጀንሲ የጨለማ ክፍል ባለሙያ የነበረው ፓብሎ ኢኒሪዮ ነው። ካተማቸው ውስጥ ፎቶ አንሺው ዴኒስ ስቶክ እ.ኤ.አ. በ1955 በኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ዝናብ ውስጥ ያነሳው የተዋናዩ ጄምስ ዲን ፎቶ በጣም የታወቀ ነው። ኢኒሪዮ የመጨረሻውን ህትመት ከማውጣቱ በፊት በሙከራ ወረቀቱ ላይ የሳላቸው መስመሮችና ክቦች፣ እያንዳንዱ ቦታ ስንት ሰከንድ ተጨማሪ ብርሃን እንደሚያገኝና እንደሚከለከል የጻፋቸው ቁጥሮች ለሕዝብ ታይተዋል። ምስጢሩ ወጣ፤ ግን ማንም ኢኒሪዮን መሆን አልቻለም። ያን የሙከራ ወረቀት ያየ ሰው የተማረው ሰከንዶቹን አይደለም። የተማረው አንድ ሰማይ፣ አንድ ትከሻ፣ አንድ የረጠበ አስፋልት ለየብቻቸው ሊታሰብባቸው እንደሚገባ ነው።

ይህ «ስታይሌን ይሰርቁኛል» ለሚለው ፍርሃት የመጀመሪያው መልሴ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከራሱ ከሥራው የሚወጣ ነው። የፎቶ ኤዲት ከፎቶው ብርሃን ጋር የተሳሰረ ነው። በሸራ ሥር ለተቀመጠችው ሴት የተሠራው ከርቭ በቀትር ፀሐይ ለተነሳ ሙሽራ ቢደረብ ያበላሸዋል። በፕሪሴት የሚሸጠው ነገር ሁሉ ይህን እውነት ይደብቃል፤ አንድ አዝራር ሲጫኑ የሆነ ሰው ዓይን አብሮ የሚመጣ ያስመስላል። እኔ በበኩሌ የፕሪሴት ገበያ እንዲህ የሞቀው ደረጃውን የሚያሳይ ስለጠፋ ነው እላለሁ። መንገዱን ያላየ ሰው ውጤቱን ይገዛል። ከዚያም የሠርግ አልበሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ቡኒ፣ አረንጓዴው ሁሉ አንድ ዓይነት የወየበ፣ ፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት የተላገ ይሆናል።

ስለ ፊት ማንጣት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ኮዳክ ለማተሚያ ላቦራቶሪዎች ይልካቸው የነበሩት «ሸርሊ» የሚባሉት የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ለረጅም ዓመታት የነጭ ሴት ፊት ነበረባቸው፤ የዓለም ላቦራቶሪዎች ትክክለኛ የፊት ቀለም ብለው የሚያመሳክሩት እሱን ነበር። ካርዱ ዛሬ በፎቶ ቤታችን የለም። ልማዱ ግን አለ። ኤዲተሩ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያደርገው ፊቱን ማንሳት ነው፤ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቀውም፣ ያን እርምጃ ሲወስድ ያየው የለምና። ደንበኛው የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ የነጣውን ከራሱ ፊት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ አይመዝንም። መነሻውና መሃሉ ጎን ለጎን ቢቀርቡለት ከደንበኞች ብዙዎቹ የራሳቸውን ፊት ይመርጣሉ ብዬ አምናለሁ። «ሕዝቡ ንጣት ይፈልጋል» የሚለው ክርክር ለሕዝቡ ምርጫ ቀርቦለት አያውቅም።

ከተቃዋሚዎቼ ሁሉ የማከብረው አንድ ክርክር አለ። ብዙ ሰው ጣልቃ የገባበት ሥራ የማንም አይሆንም፤ አንዱ አጨልመው ይላል፣ ሌላው አብራው፣ ኤዲተሩም ሁሉን ለማስደሰት ሲል መሃል ላይ የደነዘዘ ነገር ያወጣል። ይህ እውነት ነው፤ ደርሶም ያየሁት ነገር ነው። ግን ጥፋቱ ከማሳየቱ አይመጣም፤ «እንዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የተጠያቂውን ጣዕም ይጋብዛል። የሚጠቅመው ተመልካቹ ያየውን መጠየቅ ነው፤ መጀመሪያ ዓይንህ የት ሄደ? ይህች ሴት የተቀመጠችው ፀሐይ ውስጥ ነው ጥላ ውስጥ? ከሁለቱ የትኛው ነጠላ የታጠበ ይመስላል? ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ሸራው ከሄደ፣ ኤዲተሩ ደግሞ ወደ ፊቷ እንዲሄድ ከፈለገ፣ ሥራው ገና ነው ማለት ነው። መፍትሔውን ተመልካቹ እንዲሰጥ አይጠበቅም፤ ውሳኔው የባለቤቱ ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ ያነሳውን የጨረቃ ፎቶ ለአሥርተ ዓመታት ደጋግሞ ሲያትም ሰማዩን እያጠቆረ ሄደ። ከቀድሞው የተለየ ነገር ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም።

ለባለጉዳይ ስለማሳየት ግን መለየት ያስፈልጋል። ለሙሽራ ያልተነካ ፎቶ በመቶዎች መላክ ጥቅም የለውም፤ እሷ የጠየቀችው አልበም ነው፤ መሃሉን የሚያየው የሥራ ባልደረባ ይሁን። የሰው ፊት ያለበትን ፎቶ ለማስተማሪያ ሲባል ማሰራጨትም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሆን የለበትም። የድሮ ፎቶ ሲታደስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ልጆች የሞተች እናታቸውን አንዲት ጉርድ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፤ ለሙት ዓመቷ በትልቁ እንዲወጣላቸው። ፎቶው ተሰንጥቋል፣ አንዱ ጉንጭ በእርጥበት ተበልቷል። ኤዲተሩ የጎደለውን ከቀረው እየቀዳ ይሞላል፤ ከግምት ሌላ ምርጫ የለውም። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት በደበዘዘ ወረቀት ላይ እንደ እድፍ ይታያል፤ በአንድ ማጽጃ ብሩሽ ይጠፋል። ልጆቹ ለመውሰድ ሲመጡ የሚያገኙት የተዋበች እንግዳ ሴት ነው። ገንዘብ ተከፍሏል፣ ፍሬም ገብቷል፣ ቀኑ ነገ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብለው ይወስዷታል። ሥራው ግማሽ ላይ ሳለ አንዴ ቢጠሩ ኖሮ ትልቋ ልጅ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ይሄን አትንካው፣ ንቅሳቷ ነው፤ ከንፈሯም እንዲህ አልነበረም» ትል ነበር። እዚህ ላይ የልጆቹ ትውስታ ከኤዲተሩ ሙያ ይበልጣል፤ ሥራውን መደበቅ ደግሞ ትውስታውን ከሥራው ማስወጣት ነው።

ደረጃን ማቆየት ሐቀኝነትንም ያስመሰክራል። ስዊድናዊው ፎቶ አንሺ ፖል ሃንሰን በጋዛ ባነሳው የቀብር ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የዓመቱን የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሽልማት ካገኘ በኋላ፣ ምስሉ ከብዙ ፎቶዎች የተቀናበረ ነው ተብሎ ተከሰሰ። ያዳነው ያልተነካው ሮው ፋይል ነው፤ ባለሙያዎች ከታተመው ጋር አስተያዩትና ቀለሙና ብርሃኑ እንጂ ምስሉ እንዳልተቀየረ አረጋገጡ። መነሻውን ያጠፋ ሰው እንዲህ ያለ ምስክር የለውም።

በአገራችን ጥሩ ጅምር የለም አልልም። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው የአዲስ ፎቶ ፌስት ፌስቲቫል ፎቶ አንሺዎቻችን ሥራቸውን ለውጭና ለአገር ውስጥ ባለሙያዎች አቅርበው አስተያየት የሚሰሙበትን ዕድል ከፍቷል። ሆኖም እንዲህ ባለው መድረክ የሚቀርበው በአብዛኛው ያለቀ ሥራ ነው፤ ዕድሉም በየሳምንቱ አይገኝም። እኔ የምለው በየሥራ ቦታው፣ ባለው ኮምፒውተር፣ ባሉት ሰዎች መካከል የሚሆነውን ነው።

«ጊዜ የለንም» ይሉኛል፤ በተለይ በጥር። ጾሙ ሳይገባ ሠርጉ ይደራረባል፣ አልበም ይጠበቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሌሊቱ በሥራ ያልፋል። አውቃለሁ። ግን ከአንድ ሠርግ ሦስት ፎቶ መርጦ፣ አንዱን ከቤት ውስጥ፣ አንዱን ከሜዳ፣ አንዱን ከማታው፣ ግማሽ ድረስ ሠርቶ፣ በትንሽ ወረቀት በፎቶ ላቡ አሳትሞ ለሁለት ሰው ማሳየት የአንድ ሻይ ጊዜ ነው። ስክሪኑ ላይ የበራው ወረቀት ላይ ሲጨልም ያኔውኑ ይታያል። በእነዚያ ሦስት ፎቶዎች ላይ የተገኘ ስሕተት በቀሩት መቶዎች ላይ አይደገምም። ጊዜ የሚበላው አልበሙ ታትሞ ሙሽራዋ «ቀሚሴ ነጭ ነበር» ስትል ሁሉንም እንደገና መሥራት ነው።

ስለዚህ የምናገረው ለፎቶ ቤት ባለቤቶች ነው፤ ጀማሪው ስክሪን የማዞር አቅም የለውም፣ የሚያዞሩት ታላላቆቹ ናቸው። የሚቀጥለውን ፋይል ስታስረክቡ ሌየሩን ሳትጨፈልቁ አንድ ቅጂ አስቀሩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት፣ ለረዳቶቻችሁ ክፈቱላቸው፤ ያልተነካውን፣ መሃሉን፣ አሁን ያለበትን። ከእናንተ ሥራ ጀምሩ እንጂ ከእነሱ አትጀምሩ። ረዳቱም ሌየሮቹን አንድ በአንድ እየዘጋ ሄዶ ፊቱ ላይ ካለው ሲደርስ «ጋሼ፣ ይህን ሰው ለምን አነጡት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ምክንያታችሁን ንገሩት፤ ምክንያት ከሌላችሁ ሌየሩን እዚያው ፊቱ አጥፉት።